ወርቅ ያቃተውን የእርሳስ ጥቁር ቻለው

ወለጋ ሲነሣ ማዕድኑ አብሮ ይነሣል። የነጆ ወርቅና የዩብዶ ፕላቲነም ስማቸው ባሕር ተሻግሯል፤ የዩብዶ አንድ ዓለትም በብርብር ወንዝ ስም «ብርብራይት» ተብሏል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሁለቱ ክቡራን ማዕድናት በፊዚክስ ታሪክ የወደቁት ፈተና ነው።

ሆላንዳዊው ካመርሊንግ ኦነስ በ1908 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሂሊየምን ፈሳሽ አደረገ። በዚያ ብርድ ኤሌክትሪክ በብረት ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ ሲመረምር ቀድሞ የያዘው ፕላቲነምንና ወርቅን ነበር። የኤሌክትሪክን ጉዞ የሚገታው ሬዚስታንስ ከሁለቱም ጨርሶ አልጠፋም። በ1911 ባዜቃን ቢሞክር ግን ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ገደማ ላይ ድንገት ጠፋ። ሱፐርኮንዳክቲቪቲ እንዲህ ተገኘ። ባርዲን፣ ኩፐርና ሽሪፈር በ1957 ምክንያቱን ሰጡ፤ የአተሞች ንዝረት ኤሌክትሮኖችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ያጓጉዛቸዋል አሉ።

አሁን ወደ እርሳሳችን እንመለስ። የምንጽፍበት ጥቁር ነገር ግራፋይት ነው፤ እርሳስ ከሚባለው ብረት ጋር በስም እንጂ በሥጋ አይዛመድም። እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረበ ካርቦን ነው። ጌይምና ኖቮሴሎቭ በ2004 ማንችስተር ላይ አንዷን ገጽ በተራ ማጣበቂያ ፕላስተር ልጠው ለዩ፤ ግራፊን የሚሏት እሷ ናት። በ2011 ቢስትሪትዘርና ማክዶናልድ፣ ሁለት ገጾች ተነባብረው አንዱ 1.1 ዲግሪ ያህል ዞር ቢል ኤሌክትሮኖቹ እጅግ እንደሚያዘግሙ በስሌት አሳዩ። ያዘገመ መንገደኛ ደግሞ ከጎረቤቱ ጋር መነካካቱ አይቀርም። በ2018 የኤም.አይ.ቲ. ተመራማሪዎች ሠርተው ቢያቀዘቅዙት ሬዚስታንሱ ጠፋ!

ክርክሩ የተነሣው ከዚህ በኋላ ነው። አንዳንዶች የ1957ቱ ማብራሪያ ይበቃል ይላሉ። ሌሎች ኤሌክትሮኖቹን ያጣመራቸው የራሳቸው መገፋፋት ነው ባዮች ናቸው። በ2021 ሦስት ገጾች በየተራ ዞር ተደርገው ቢነባበሩ፣ የተለመዱትን ጥንዶች በሚበትን ብርቱ ማግኔት ውስጥ እንኳ ጸኑ። ይህ ለሁለተኞቹ ጉልበት ሰጥቷል፤ ፍርዱ ግን ገና አልተቆረጠም።

ታዲያ ይህ ለነቀምቴ ምኗ ነው? ዩብዶን ባዕዳን ማሽን ይዘው መጥተው ቆፍረውታል። ነቀምቴና ደምቢ ዶሎ ግን ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አላቸው። ፈሳሽ ሂሊየም ውድ ነው፤ ላቦራቶሪውም በየከተማው አይገኝም። ነገር ግን የ2018ቱን ሙከራ ሰባት ዓመት የቀደመው ስሌት መሆኑን አንርሳ። ክርክሩ ሳይዘጋ ለመድረስ የወለጋ ተማሪ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ሒሳቡን ጠንቅቆ ማወቅና አንድ እርሳስ ነው።