ጎንግሾው፦ ስለ አንድ የቻይናውያን የሰላምታ ቃል

አንድ ሕዝብ ለሰላምታው ያወጣው ስም ስለ ክብር ያለውን አስተሳሰብ ይገልጣል። በአማርኛ «እጅ መንሳት» ሲባል ጎንበስ የሚለው አካል ቢሆንም ስሙ የተሰጠው ለእጅ ነው። ቻይናውያንም ከጥንት ጀምሮ የሚለዋወጡት ሰላምታ «ጎንግሾው» ይባላል፤ «ሾው» እጅ ሲሆን፣ «ጎንግ» እጆችን በደረት ፊት አጣምሮ መያዝ ነው። ሰላምታ ሰጪው የራሱን እጅ ይይዛል እንጂ የሌላውን አይነካም።

ሥርዓቱ ጥብቅ ነበር። ወንድ በደኅና ቀን ግራ እጁን በቀኙ ላይ ያደርጋል፤ በሐዘን ጊዜ ግን ቀኙ ከላይ ይሆናል። «ሊጂ» በተባለው ጥንታዊ የሥርዓት መጽሐፍ እንደተተረከው፣ ኮንፊሽየስ አንድ ቀን ቀኝ እጁን ከላይ አድርጎ ቢቆም ደቀ መዛሙርቱ ሁሉ እርሱን ተከተሉ። ይህን ያደረገው ታላቅ እኅቱ ስለሞተችበት መሆኑን ሲነግራቸው ግን ሁሉም ግራቸውን ወደ ላይ መለሱ። ምልክትን መቅዳትና ትርጉሙን ማወቅ ለየቅል መሆናቸውን ታሪኩ ያስረዳል።

ይሁን እንጂ በአውሮፓ ይበልጥ የታወቀው ቃል ይህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1793 የብሪታንያው መልእክተኛ ሎርድ ማካርትኒ፣ በንጉሠ ነገሥት ቺያንሎንግ ፊት ሦስት ጊዜ ተንበርክኮ ዘጠኝ ጊዜ ግንባሩን መሬት እንዲያስነካ ቢጠየቅ አልተቀበለም፤ በአንድ ጉልበቱ ብቻ ተንበረከከ። «ኮውቶው» የተባለው ይህ ስግደት በኋላ በእንግሊዝኛ የአጎብዳጅነት መጠሪያ ሆነ። በዚህም ምክንያት ለዙፋን የሚቀርበው ስግደት ስሙ ሲገን፣ እኩዮች የሚከባበሩበት ሰላምታ ተረሳ። ዘውዳዊው አገዛዝ እ.ኤ.አ. በ1912 ሲወድቅ ኮውቶው ከመንግሥት ሥርዓት ወጣ፤ ጎንግሾው ግን ዛሬም በቻይና አዲስ ዓመት ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ መጨባበጥን ሲከለክልም እንደገና ተፈላጊ ሆነ።

ለመሐንዲስ «ጎንግ» ሌላም ነገር ይናገራል። በዚያው ፊደል ሲጻፍ ቅስት ማለት ነውና፣ የቅስት ድልድይ «ጎንግቺያው» ይባላል። በሄበይ ክፍለ ሀገር የሚገኘውና እ.ኤ.አ. ከ595 እስከ 605 ገደማ በሊ ቹን የተሠራው የጃውጆው ድልድይ፣ 37 ሜትር ያህል በአንድ የድንጋይ ቅስት ተሻግሮ እስከ ዛሬ ቆሟል። ቅስት የሚጸናው ሁለቱ ወገኖች እርስ በርስ ሲደጋገፉ ነው፤ አንዱ ቢለቅ ሌላው ብቻውን አይቆምም።

ከወልዲያ ወረታ መንገድ ሥራ ጀምሮ ኢትዮጵያውያንና ቻይናውያን ባለሙያዎች በአንድ የሥራ ቦታ ሲገናኙ ኖረዋል። የብረትና የሲሚንቶ ስም መማማር ለሥራው ግድ ነው፤ ባልንጀራ በምን ቃል ክብር እንደሚሰጥ ማወቅ ደግሞ ለሥራው መሠረት ነው።