ከቅኔ ጉባኤ እስከ ትያትር መድረክ

በጎጃም ደጋ፣ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ባሉት እንደ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስ በመሳሰሉ የቅኔ ጉባኤዎች ድርሰትና ክዋኔ ተለያይተው አያውቁም። ተማሪው ቅኔውን ብቻውን ተቀምጦ ይቆጥራል፤ ቀጥሎም በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት በቃሉ ይናገራል። ሰሙ ቢላላ ወይም ወርቁ ቢሰወር እዚያው ይታረማል። ቃል የሚመዘነው በዓይን ብቻ ሳይሆን በጆሮም ነው።

የዘመናዊው ትያትራችን ታሪክም ከዚሁ ምንጭ ቀድቷል። የደብረ ኤልያስ ተወላጅ የሆኑት የቅኔ ሊቅ ዮፍታሔ ንጉሤ ከጣሊያን ወረራ በፊት በአዲስ አበባ በመምህርነት ሲያገለግሉ ለተማሪዎች መድረክ ትያትር ይደርሱ ነበር። በኋላም «አፋጀሽኝ» በተባለው ሥራቸው የአገርን መከራ በሴት አምሳል አቀረቡ። ይህም ሰምና ወርቅ ከቅኔ ማኅሌት ወደ መድረክ መሻገሩን ያሳያል።

በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ግን ነገሩ መልኩን ለወጠ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለ ነበር የሼክስፒር ተውኔት ለተማሪው በቅድሚያ የቀረበለት በመጽሐፍነቱ ነበር። ይህ የኛ ችግር ብቻ አልነበረም፤ በእንግሊዝ አገር እንኳ የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ የድራማ ክፍል በብሪስቶል የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። እስከዚያ ድረስ ተውኔት በዩኒቨርሲቲ የሚጠናው በሥነ ጽሑፍ ሥር ነበር።

በ1950ዎቹ ዓመታት አጋማሽ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበባት ማዕከል መቋቋሙ ንባቡን ከመድረክ ጋር ለማስታረቅ በር ከፈተ። በአሜሪካ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ትያትር ያጠኑት ተስፋዬ ገሠሠ በማዕከሉ ሠርተዋል። የጎጃሙ ተወላጅ አቤ ጉበኛም በዚያው ዘመን «ዘ ሳቬጅ ገርል» የተባለ ተውኔት በእንግሊዝኛ አሳትመዋል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በፊናቸው «ኦቴሎ»ን፣ «ሐምሌት»ንና «ማክቤዝ»ን ወደ አማርኛ መለሱ። የቅኔ ሊቅ የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ መንግሥቱ ለማም የእንግሊዛዊውን የፕሪስትሊን ተውኔት «ጠያቂ» ብለው ለአማርኛ መድረክ አስማሙ። እነዚህ ሰዎች የባዕዱን ድርሰት ጠንቅቀው ያነበቡ፣ ያገራቸውንም ቃል አሳምረው የሚያውቁ ነበሩ፤ ትርጉማቸው ተዋናይ አፍ ላይ የሚገባውም ስለዚህ ነው።

በ1970 ዓ.ም. አካባቢ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የትያትር ጥበባት ክፍል ሲመሠረት ጸጋዬ ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ፤ መንግሥቱም ተውኔት አጻጻፍ አስተማሩ። ሙያው የራሱን ቤት ማግኘቱ ታላቅ እርምጃ እንደ ነበር አይካድም። ይሁን እንጂ ቤት መለየት ዋጋ አለው። የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ተውኔትን ድምፅ እንደሌለው ጽሑፍ አንብቦ ሊያልፍ፣ የትያትር ተማሪም የጥንታውያኑን ድርሰት በጥልቀት ሳይመረምር ወደ መድረክ ሊወጣ ይችላል። አንዱ ያለ ጆሮ፣ ሌላው ያለ ዓይን ይቀራል።

ሁለቱን ጥናቶች ማጣመር እንግዲህ ከውጭ የተቀዳ አዲስ ሥርዓት ተደርጎ ሊታይ አይገባም። የዲማ ተማሪ የቆጠረውን በቃሉ ሲናገር፣ የሐምሌት ተማሪም ያነበበውን በመድረክ ሲፈትን የሚከተሉት መንገድ አንድ ነው። የቋንቋ መምህር ተውኔትን በክፍሉ ውስጥ ጮክ ብሎ ሲያስነብብ፣ የትያትር መምህርም ከልምምድ በፊት ድርሰቱን መስመር በመስመር ሲያስመረምር ያን ነባር የጉባኤ ሥርዓት ያድሳሉ። ይህ ካልሆነ ግን አባቶች አንድ አድርገው ያስረከቡት ጥበብ በልጆች እጅ ለሁለት እንደ ተከፈለ ይቀራል።