አንኮበርን የዘለለው መንገድ

አርተር ራምቦ የሚባለውን ፈረንሳዊ ገጣሚ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ግጥሙን ገና በለጋ ዕድሜው ትቶ ነጋዴ የሆነው ሰውዬ። ይሄ ሰው በ1879 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ጠመንጃ በግመል ጭኖ ከታጁራ ተነሳ። የአፋርን በረሃ ለአራት ወር ያህል ተጉዞ አንኮበር ደረሰ። ጠመንጃውን ሊሸጥ ያሰበው ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ነበር። ሲደርስ ግን ንጉሡ የሉም፤ መቀመጫቸውን ወደ እንጦጦ አዛውረዋል። ተከትሏቸው እንጦጦ ወጣ። ምኒልክ በዚያው ሰሞን ሐረርን ይዘው ስለነበር ገበያተኛው የገዢውን መመለስ መጠበቅ ግድ ሆነበት። በሂሳቡ ተጨቃጭቆ፣ ከጠበቀው በታች ተከፍሎት ተመለሰ። ለእኔ ዋናው ነገር የተመለሰበት መንገድ ነው። በአንኮበር አልወረደም። አዲስ በተከፈተው በሐረር መስመር ወጣ።

ሲመጣ በአንኮበር፣ ሲመለስ በሐረር። አንዲት ከተማ ከካርታ ላይ እንዴት እንደምትወጣ ለማየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ማንም አላቃጠላት፣ ማንም አልከበባት። መስመሩ ብቻ ተነሳ።

እኔ ታሪክ አጥኚ አይደለሁም፤ ኢንጂነሪንግ ተምሬ ሶፍትዌር ነው የምሠራው። ግን ካርታ ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ስትጽፉ ከተሞችን እንደ ነጥብ፣ መንገዶችን እንደ መስመር ማየት ይለመዳል። ከዛ ጥያቄው ይመጣል፦ መስመሩ ለምን እዚህ አለፈ? ለምን በዚያ አላለፈም? ይሄን ጥያቄ በአማራ ክልል በሰሜን ሸዋ ዞን ላይ ብትጠይቁ መልሱ ወደ 200 ዓመት ገደማ ወደኋላ ይወስዳችኋል።

ከአንኮበር እንጀምር። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋ ፊቱ ወደ ምሥራቅ ነበር፤ ባሕሩ ያለው በዚያ ነዋ። አንኮበር የተቀመጠችው ደጋው አልቆ ገደሉ በሚጀምርበት ጫፍ ላይ ነው። ከእሷ ዝቅ ብሎ፣ አየሩ መሞቅ ሲጀምር አልዩ አምባ አለች፤ ትልቁ ገበያ የነበረው እዚያ ነው። ለምን ላይ ሳይሆን ታች? ግመል አቀበቱን አይወጣማ! አፋሮቹ ከአሳል ሐይቅ ጨው ጭነው ይመጣሉ፣ አልዩ አምባ ላይ ያራግፋሉ፣ ከዚያ ወዲያ በበቅሎና በአህያ ነው። ከላይ ደግሞ ቡናው፣ የዝሆን ጥርሱ ይወርዳል፤ ባሪያም ጭምር ይሸጥ ነበር፣ ይሄንን ዘልሎ ማለፍ አይቻልም። ዛሬ ደረቅ ወደብ የምንለው ነገር በዚያን ዘመን አልዩ አምባ ነበር። ጭነት ከአንድ መጓጓዣ ወደ ሌላ በሚዛወርበት ቦታ ሁሉ ሰው ይቆማል፤ ሰው በቆመበት ምግብ፣ መኝታ፣ ቀራጭ፣ አስተርጓሚ ይመጣል። በ1833 ዓ.ም. ሃሪስ የሚባለው እንግሊዛዊ ሻምበል መልእክተኞቹን ይዞ ሲመጣ በዚሁ በር ነው የገባው። ከጥቂት ወራት በኋላ ከንጉሡ ጋር ውል ተፈራረመ።

ታዲያ ምኒልክ ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ሲወርዱ፣ ሐረርም በእጃቸው ስትገባ፣ የንግዱ ሁሉ አቅጣጫ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዞረ። ባቡሩ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ፣ በ1909 ደግሞ አዲስ አበባ። አለቀ። አንኮበር ከዚያ በኋላ የቀራት ቤተ ክርስቲያኖቿና የቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ ነው። የዛሬው የወረዳው ከተማ ጎረቤላ ይባላል። «አንኮበር» ስንል አብዛኞቻችን የምናስበው ኮረብታውን እንጂ ከተማውን አይደለም።

አሁን ወደ ሁለተኛው መስመር። አዲስ አበባ ዋና ከተማ ስትሆን ሸዋ ወደ ወሎና ወደ ትግራይ የሚያደርስ መንገድ ያስፈልገው ጀመር። ማለትም ወደ ሰሜን። አንኮበር ደግሞ ወደ ምሥራቅ ነው የምታወርደው። መስመሩ ከደብረ ብርሃን ተነስቶ፣ በጉዶ በረት አድርጎ፣ ጣርማበር ላይ ገደሉን ያገኘዋል፤ እዚያ ቁልቁል ይወርዳል። ብዙ ሰው «መንገዱን ጣሊያን ነው የቀየሰው» ሲል እሰማለሁ። ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። ከወረራው በፊትም መኪና የሚያስኬድ መንገድ ነበር፤ አፄ ኃይለ ሥላሴ በኅዳር 1928 ወደ ደሴ የሄዱት በመኪና ነው። ሻካራ ቢሆንም መንገድ ነበር።

ይህ መንገድ በዚያው ዓመት ጠላትንም አሳለፈ። ባዶሊዮ በሚያዝያ 1928 ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ጉዞ ሲጀምር ይዞት የተነሳው ከሺህ የሚበልጥ የጭነት መኪና ነው። የሰሜኑ ጦር ተበትኖ ስለነበር የሚገጥመው ትልቅ ኃይል አልነበረም። ያቆመው ጣርማበር ነው። የሆለታ ካዴቶች ከስዊድናዊው መኮንን ከታም ጋር ሆነው የመከላከሉን ሥራ እዚያ ያስቡት ነበር፤ መንገዱም በፈንጂ ተቆረጠ። ያ ሁሉ መኪና ገደሉ ሥር ተሰልፎ መንገድ እስኪጠገን ጠበቀ። ብዙም አላቆየውም፤ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገባ። ግን እስቲ አስቡት፣ ያን የሚያህል ጦር የዘገየው የአንድ መንገድ ጥቂት ሜትር በመጥፋቱ ነው። በእኛ ሙያ ሥርዓቱ ሁሉ የተንጠለጠለበት አንድ ክር ሲገኝ እንቅልፍ አይወስደንም። ጣርማበር ያ ክር ነው። ያኔም፣ ዛሬም።

ጣሊያኖቹ ትምህርቱን ወዲያው ነው የወሰዱት። በአምስቱ ዓመት ውስጥ ከአዲስ አበባ እስከ አስመራ የሚዘልቀውን መንገድ ሲሠሩ ጣርማበርን በገደሉ ጫፍ አልዞሩትም፣ በሱት። ዋሻው 587 ሜትር ይረዝማል፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። በሙሶሊኒ ስም ጠሩት፤ የአካባቢው ሰው እስከ ዛሬ «ሙሶሎኒ» ሲል ትሰማላችሁ። ዋሻውን የቆፈሩት እጆች የማን እንደነበሩ ግን በስሙ ላይ የለም፤ የሀበሻ የቀን ሠራተኛም፣ ከጣሊያን የመጣ ደሃ ሠራተኛም በእነዚያ መንገዶች ላይ ወድቋል። መንገዱ ደግሞ የተሠራው ለገበያተኛ አልነበረም። የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች በእነዚህ ተራሮች ውስጥ ነበሩ፤ ወታደር ቶሎ ማድረስ ያስፈልግ ነበር።

ከዋሻው ወጥታችሁ ቁልቁል ስትመለከቱ የሚታየው ነገር ለመንገድ መሐንዲስ ቅዠት ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በ50 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ1,700 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ ማለት ነው። ጉሙ፣ ጭላዳ ዝንጀሮው፣ ብርዱ ወደኋላ ይቀራል፤ ገብሱ በማሽላ ይተካል፣ ጃኬት ይወልቃል፣ የአባዱላው መስኮት ይከፈታል። በዚህ ቁልቁለት ወገብ ላይ ደብረ ሲና ተቀምጣለች።

የደብረ ሲና ቆሎ የማያውቅ አለ? አውቶብስ ገና ሳይቆም መስኮት የሚያንኳኩት ሴቶችና ልጆች፣ በላስቲክ የታሰረው የገብስ ቆሎ። ቆሎው መልካም ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም እዚያ የሚሸጠው። የጭነት መኪና ሙሉ ጭኖ ከታች ሲመጣ አቀበቱን ከመጋፈጡ በፊት ሞተሩን ያሳርፋል፤ ከላይ የወረደው ደግሞ ፍሬኑ ግሎ፣ በከባድ ማርሽ እየተጎተተ ይደርሳል። ሁለቱም መቆም አለባቸው። የአልዩ አምባ ግመል ያራገፈበት ምክንያትና አይሱዙው ደብረ ሲና የሚቆምበት ምክንያት አንድ ነው፤ ገደሉ ነው። በአንዱ ዘመን ገደሉ ለአልዩ አምባ እንጀራ ሰጠ፣ በሌላው ለደብረ ሲና።

በነገራችን ላይ፣ መኪናው ቆሞ ጥገና ሲጀመር የምትሰሙትን ቋንቋ ልብ ብላችሁታል? ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ። ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። በሚያዝያ 1933 አዲስ አበባ ነፃ ስትወጣ መንገዱና የጋራዡ መዝገበ ቃላት እዚሁ ቀሩ። በጠላት የተተወ ዕቃ እየጠገኑ መጠቀም ማለት ይሄ ነው። እኛ ጸሐፊው ትቶት የሄደ አሮጌ ኮድ ሲገጥመን እንደምናደርገው፤ እንሳደባለን፣ ግን አንነቅለውም፣ ምክንያቱም ሁሉም ነገር የቆመው በእሱ ላይ ነው።

መጠገኑ ራሱ ቀላል አልነበረም። ጣሊያን ከወጣ በኋላ መንገዱ ዓመት በዓመት እየተሸረሸረ ሄደ። በመስከረም 1943 የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ መንገዶች 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ፤ ባንኩ ለአፍሪካ ካበደራቸው የመጀመሪያው ነው። በጥር ወር ደግሞ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። «አውራ ጎዳና» የሚለው ስም ከሕዝቡ አፍ እስከ ዛሬ አልወጣም፤ መሥሪያ ቤቱ ስሙን ቢቀያይርም በየከተማው ካምፑ ያለበት ሰፈር «አውራ ጎዳና» ነው የሚባለው።

ከሸዋ ሮቢት ወዲያ መስመሩ ሌላ ነገር ይሆናል። መንገዱ የዞኑን ወሰን አያውቅም፤ ሰሜን ሸዋን ለቆ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ሰንበቴን ያቋርጥና አጣዬ ላይ ተመልሶ ሰሜን ሸዋ ይገባል። ሰንበቴ ገበያዋ የእሑድ ነው። አርጎባው፣ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው በአንድ ሜዳ ላይ ይገበያያል። አጣዬን የድሮ ሰዎች ኤፌሶን ይሏታል። ከእሷ ቀጥላ ካራቆሬ ናት።

ካራቆሬን የመሬት መንቀጥቀጥ የሚያጠኑ ሰዎች ከእኛ በተሻለ ያውቋታል። ግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. የመታው ርዕደ መሬት አጠገቧ ያለችውን ማጀቴን አፈረሳት፤ ካራቆሬም ውስጥ ብዙ ቤት ወደቀ። ከካራቆሬ ወደ ሰሜን ያለው አስፋልት በመሬት መንሸራተትና በስንጥቅ ተበላሸ። ነገሩ ካርታ ላይ ግልጽ ነው፤ መንገዱ የሚሄደው በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው፣ ሸለቆው ደግሞ ዛሬም እየሰፋ ነው። መንገድ ቀያሾች ሜዳውን ይፈልጋሉ፣ ሜዳው ደግሞ እዚህ አካባቢ የተፈጠረው መሬቱ ስለተሰነጠቀ ነው።

ግን እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ርዕደ መሬቱ አይደለም። በ2013 አጣዬ በግጭት ተቃጠለች፤ የፎቶዎቹን ቆርቆሮ ሁላችንም በስልካችን አይተናል። በ2014 ኅዳር ጦርነቱ በዚሁ አስፋልት ወርዶ ሸዋ ሮቢትንና ደብረ ሲናን አዳረሰ፤ ያኔ ሰው የሚያወራው ስለ ጣርማበር ነበር፣ ልክ በ1928 እንደነበረው። የተፈናቀለው ሰው ወደ ደብረ ብርሃን ወጣ። ከ2015 ወዲህ ደግሞ «መንገዱ ተዘግቷል» የሚለው ወሬ እንደ አየር ትንበያ የሚጠየቅ ነገር ሆኗል። «ዛሬ ክፍት ነው?» ተብሎ ይደወላል።

ሲዘጋ ምን ይሆናል? ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአዋሽ፣ በገዋኔ፣ በሚሌ ዞሮ በባቲ ወደ ኮምቦልቻ መግባት ይቻላል፤ ያ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለደሴ ሰው ዞሮም ቢሆን መድረሻ አለው። ካርታ የሚያነብ ፕሮግራምም ያንኑ ነው የሚመክረው፦ መስመር ተቋርጧል፣ በሌላ ሂድ። ፕሮግራሙ የማያየው መሐል ላይ የቀረችውን ነው። ቆሎ የቋጠረችው የደብረ ሲና ሴት በአፋር ዞራ ልትሸጥ አትችልም። የሸዋ ሮቢት ገበሬ ሽንኩርቱ ማሳ ላይ ይበሰብሳል፣ ማሾውን ነጋዴ አይመጣለትም። የአርማንያ ሻይ ቤት ጀበናውን ያወርዳል። ለእነዚህ ሰዎች መንገዱ መተላለፊያ አይደለም፤ መተዳደሪያ ነው። አንድ ወር ቢዘጋ ይቻላል። ሾፌሮች ሌላውን መስመር ከለመዱት፣ ጎሚስታው እዚያ ከተከለ፣ አልጋ ቤቱ እዚያ ከተከፈተ ግን የአንኮበር ነገር ይመጣል። አንኮበርንም ማንም «ዛሬ ተዘጋሽ» አላላትም።

ደብረ ብርሃን ሌላ ናት። ዘርአ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ካቆሟት ጀምሮ ብዙ ጊዜ ወድቃ ተነስታለች፤ ዛሬ ብርድ ልብሱ፣ ቢራው፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አላት። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ስለሆነች፣ ከጣርማበርም በላይ ስለሆነች፣ ከታች ቢዘጋም ትንፋሽ አላት። መስመሯም አንድ ብቻ አይደለም። ከዋናው አስፋልት ወደ ቀኝ ታጥፎ ወደ አንኮበር የሚሄድ አለ፤ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ እዚያ አያቆምም። በአልዩ አምባ በኩል ገደሉን ወርዶ አዋሽ አርባ ይደርሳል፣ እዚያ ከጅቡቲው አስፋልት ጋር ይገናኛል። ጨው የጫኑት ግመሎች በመጡበት አቅጣጫ፣ ራምቦ በወጣው አቀበት ማለት ነው። አልዩ አምባ ላይ ግን አሁን የሚያራግፍ የለም፤ መኪና አቀበቱን ይወጣዋል።