የዘገየው ፈረሰኛ እና የጀርመን ነጭ ወይን

በአንዳንድ የጀርመን ነጭ ወይን ጠርሙሶች ላይ «ሽፔትሌዘ» የሚል ቃል ታገኛላችሁ። ትርጉሙ «ዘግይቶ የተለቀመ» ነው። ለመሆኑ መዘግየት እንዴት ማዕረግ ሆነ?

ታሪኩ የሚወስደን ራይን ወንዝ አጠገብ ወዳለው የዮሐኒስበርግ ኮረብታ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቦታው የፉልዳ ገዳም ይዞታ ነበር። ከ1720 (እ.አ.አ.) ጀምሮ ሪስሊንግ የተባለው የወይን ዝርያ በሰፊው ተተክሎበታል። ችግሩ፣ ለቀማ ለመጀመር ከፉልዳው ልዑል አበምኔት ፈቃድ መምጣት ነበረበት። በ1775 መልእክተኛው ፈረሰኛ ለሳምንታት ዘገየ ይባላል፤ ለምን እንደዘገየ የሚነገረው ብዙ ነው። እሱ ሲደርስ ወይኑ ሻግቷል። ይሁንና ለቀሙት፣ ጠመቁት። በዓመቱ ሲቀመስ ግን ጉድ ተባለ! የፈረሰኛው ሐውልት ዛሬም እዚያው ግቢ ውስጥ ቆሟል።

ምሥጢሩ ያለው ሻጋታው ላይ ነው። ቦትራይቲስ የተባለው ይህ ፈንገስ የፍሬውን ልጣጭ ይበሳል፤ ውሃው ይተናል፤ ስኳሩና መዓዛው ይጠራቀማል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈርዲናንድ ኧክስሌ የተባለ የፎርጽሃይም ሰው የጭማቂን ክብደት የሚለካ መሣሪያ አስፋፋ። አንድ ሊትር ጭማቂ ከአንድ ሊትር ውሃ በ90 ግራም ከበለጠ 90 ኧክስሌ ይባላል። ልዩነቱ በአብዛኛው ስኳር ነው። የ1971ዱ የጀርመን የወይን ሕግም ማዕረጎቹን ከዚህ ቁጥር ጋር አሰራቸው። መዘዙ ቀላል አልነበረም፦ ምርጥ ኮረብታም ሆነ ተራ ማሳ፣ ቁጥሩን ካሟላ ያው ማዕረግ ይገባዋል። ርካሽ ጣፋጭ ወይን ገበያውን ሞላው፤ የሪስሊንግም ስም አብሮ ጎደፈ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ማዕረጉ የሚናገረው ፍሬው ሲለቀም ስለነበረው ስኳር ነው፤ ብርጭቆው ውስጥ ስላለው አይደለም። እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል ከለወጠው፣ ሽፔትሌዘም ደረቅ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ «ትሮከን» የሚል ይጻፍበታል። ካልተጻፈ አልኮሉን እዩ፦ 8 ወይም 9 በመቶ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ጣፋጭ ነው፤ 12 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ደረቅ ያደላል።

ከምግብ ጋርስ? ደረቁ ለዓሣ ይስማማል። በርበሬ ለበዛበት ወጥ ግን ለስላሳው ጣፋጭ ይሻላል፤ አልኮል ማቃጠሉን ያብሳል፣ ስኳር ያበርደዋል። ጠጅ ከዶሮ ወጥ ጋር የሚስማማውም በከፊል በዚሁ ሳይሆን አይቀርም።