ወሊድ ወይስ ፈቃድ?

ሴት ከወለደች በኋላ ብዕሯ ይደርቃል የሚለውን አባባል እዚህ አትላንታ ውስጥ በየማኅበሩ ስብሰባ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ሐኪም እንደ መሆኔ እርግዝናና ወሊድ ከአካል ምን ያህል እንደሚወስዱ አውቃለሁ፤ ታሪክ ግን ለዚህ አባባል ምስክር ሆኖ አይቆምም። (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ከዚህ ከተማ እምብዛም በማይርቀው አቴንስ፣ በ1837 በባርነት የተወለደችው ሐሪየት ፓወርስ የብዙ ልጆች እናት ነበረች። የጨርቅ ቁርጥራጭ እየቀጣጠለች በአልጋ ልብስ ላይ የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ ትሥል ነበር። በ1886 ሥራዋን ያየች አንዲት የሥዕል መምህርት ልትገዛት ብትጠይቅ በምንም ዋጋ አልሸጥም አለች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ችግር ሲጠናባት 10 ዶላር ጠይቃ በ5 ዶላር አስረከበች። እያንዳንዱን ሥዕል ለገዢዋ ተርጉማ ከሄደች በኋላም፣ ለሰው የሰጠችውን ልጅ እንደምትጠይቅ እናት፣ ልታየው ተመላልሳለች። ጨርቁ ዛሬ በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ይገኛል። እጇን እናትነት አላሰረውም፤ ሥራዋን ከእጇ የነጠቀው ድህነት ነው።

ከእኛ ወገን ደግሞ የከንቲባ ገብሩ ደስታን ልጆች እንመልከት። በ1923 የተወለዱት እማሆይ ጽጌ ማርያም በልጅነታቸው ከእኅታቸው ከስንዱ ጋር ወደ ስዊዘርላንድ ለትምህርት ተላኩ፤ በፋሺስት ወረራ ዘመንም ቤተሰቡ ወደ ጣሊያን ተጋዘ። ከነጻነት በኋላ ስንዱ ገብሩ ደራሲ፣ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ በ1957ም የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆኑ። ታናሺቱ ግን በለንደን ሙዚቃ የሚማሩበት ዕድል ተገኝቶ ሳለ ፈቃድ ተነፈጉ። ባል የላቸው፣ ልጅ የላቸው፤ ምን አሰናከላቸው ይባል? እህል እስከ መተው ደረሱ፤ በመጨረሻም ፒያኖውን ትተው ግሸን ማርያም ገቡ፤ በዚያም ዐሥር ዓመት ያህል ቆዩ።

በሕክምና ክፍሌ የማያቸው የአገሬ እናቶች ከሌሊት ሥራ ሲመለሱ ልጅ ለትምህርት ቤት ያሰናዳሉ። አንዳንዶቹ በተማሪነታቸው ገጣሚ ነበሩ። የጎደላቸው ሰዓት እንጂ ሐሳብ አለመሆኑን ከወጋቸው እረዳለሁ፤ ሰዓቱን ደግሞ ልጁ ብቻውን አልወሰደውም፤ ባልም አለ፣ የቤት ኪራይም አለ።

እማሆይ ወደ ፒያኖው ሲመለሱ ካቀናበሯቸው ሥራዎች አንዱን «የእናት ፍቅር» ብለውታል፤ ያልወለዱ መነኩሲት! የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1967 በጀርመን ታተመ። ዓለም በሰፊው የሰማቸው ግን በ2006፣ ኢትዮጲክስ በተባለው ተከታታይ ዲስክ፣ ሰማንያ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው። ከለንደኑ ክልከላ እስከዚያ ድረስ ስድሳ ዓመት ያህል ይቆጠራል።