ተቀባይና ምስክር

ለገሃር ስሙን ያገኘው ከፈረንጅ አፍ ነው። ባቡሩ በ1917 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) አዲስ አበባ ሲደርስ ፈረንሳዮቹ «ላ ጋር» ያሉትን ጣቢያ የእኛ ሰው «ለገሃር» አለው፤ በዚያው ጸና። የልጅነቴን ለገሃር ሳስብ ግን ከባቡሩ ይልቅ ትዝ የሚለኝ ተቀባዩ ነው። ከድሬዳዋ ዘመድ የሚመጣለት ሁሉ በር ላይ ተኮልኩሎ አንገቱን ያሰግጋል። እንግዳ ይዘገያል እንጂ ተቀባይ አይጠፋም።

ይህ ትዝ ያለኝ ሰሞኑን አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬን ጠይቄ ስመለስ፣ እዚያው ለገሃር ታክሲ ስጠብቅ ነው። በሽታው ካንሰር ነው። የሆስፒታሉን ስም ልተወው። ሌሊቱን ሲያቃስት ያድራል፤ የሚሰጠው ለራስ ምታት የሚዋጥ ዓይነት ክኒን ነው። «ሞርፊንስ?» ብላት ተረኛዋ ነርስ «ጋሼ፣ ሱስ ያስይዛል እኮ» አለችኝ። ሳምንታት የቀሩት ሰው!

የዚህ መድኃኒት ታሪክ ራሱ የተቀባይ ታሪክ ነው። የኦፒየም አበባ ፈሳሽ ሕመም እንደሚያስታግስ ሰው ካወቀ ሺህ ዓመታት አልፈዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀርመናዊው ዘርቱርነር ዋናውን ንጥረ ነገር ለይቶ፣ በሕልም አምላክ በሞርፊየስ ስም ጠራው። ግን ሰውነት ውስጥ ገብቶ የት ነው የሚያርፈው? በ1973 አሜሪካ ውስጥ፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ፣ ካንዳስ ፐርትና ሰለሞን ስናይደር ማረፊያውን በነርቭ ሕዋስ ላይ አሳዩ። ሪሴፕተር ይሉታል፤ ተቀባይ ማለት ነው።

አእምሯችን ለአንድ አበባ ፈሳሽ ተቀባይ ያቆመው ለምንድን ነው? መልሱ በ1975 ከስኮትላንድ መጣ። ጆን ሂውዝና ሃንስ ኮስተርሊትዝ፣ አእምሮ ራሱ የሚሠራውን ማስታገሻ ከአሳማ አእምሮ አወጡ፤ ኤንከፋሊን አሉት። ለካ ተቀባዩ የቆመው ለቤት ልጅ ኖሯል! ሞርፊን የቤት ልጅ መስሎ የገባ እንግዳ ነው።

ተቀባዩ በየትኛው የአእምሮ ክፍል እንዳለ ለማወቅ ደግሞ ምስክር አስፈለገ። ተመራማሪዎች የተቀባዩን አካል የሚመስል ቁራጭ ሠርተው ጥንቸል ይወጋሉ። የጥንቸሏ ሰውነት ቁራጩን እንደ ባዕድ ቆጥሮ አንቲቦዲ ያመርትበታል። ያ አንቲቦዲ ተጣርቶ በስሱ በተቆረጠ የአእምሮ ናሙና ላይ ሲፈስ ተቀባዩ ካለበት ይጣበቃል፤ በቀለም ሲለይ «እዚህ አለ» ይላል።

ምስክር ግን ሐሰተኛም አለበት። በ1996 የሞርፊን ዋና ተቀባይ የሌላቸው አይጦች በፈረንሳይ ተፈጠሩ፤ ሞርፊን ቢሰጣቸው ሕመማቸው አልታገሰም። ለምስክሩም ጥሩ ፈተና ሆኑ። ተቀባይ በሌለው አይጥ አእምሮ ላይ ፈስሶ «አየሁት» የሚል አንቲቦዲ ዋሽቷል። ለእንዲህ ያሉ ተቀባዮች ተብለው ከሚሸጡት አንቲቦዲዎች ብዙዎቹ በዚህ ዓይነት ፈተና ወድቀዋል።

ለአይጥ እንኳ ምስክር እንዲህ ይጣራል። እኛ ዘንድ ግን ሰው በአንደበቱ «አመመኝ» ሲል «ቻለው፣ ወንድ አይደለህም እንዴ?» ይባላል። ሕመም ከባለቤቱ በቀር ማን ምስክር አለው?

የዓለም ጤና ድርጅት ሞርፊንን በ1977 በመጀመሪያው የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። በ1986ም የካንሰር ሕመምተኛ ማስታገሻውን ሕመሙ እስኪብስ ሳይጠብቅ በሰዓቱ እንዲያገኝ መክሯል። እኛም አገር በ2003 የተቋቋመው ሆስፒስ ኢትዮጵያ እንዲህ ያሉ ሕሙማንን ሲደግፍ ኖሯል። የነርሷ ፍርሃት ከሜዳ አልመጣም፤ አሜሪካ ውስጥ በዘፈቀደ የታዘዘው ማስታገሻ ስንቱን እንደፈጀ ዓለም አይቷል። ግን መጠንቀቅ ሌላ፣ መንፈግ ሌላ።

የድሬዳዋው ባቡር ዛሬ ለገሃር አይደርስም፤ መነሻው ከከተማው ዳር ሆኗል። በጣቢያው በር የሚጠብቅ ተቀባይም የለም። በባልደረባዬ አእምሮ ውስጥ ያለው ተቀባይ ግን ዛሬም በሩ ላይ ቆሟል። የቀረው እንግዳው ነው።