ሳይቃጠል በቅጠል፦ የመንገዳችን ታሪክና የየክረምቱ ዕዳ

ዩኒየናችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ወቅት ስለ ካፒታል ዕድገት፣ ስለ መጋዘን ብዛትና ስለ ትርፍ ክፍፍል ብዙ ይጻፋል፤ መጻፉም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ከመጋዘኑ በር እስከ አርሶ አደሩ ደጃፍ ያለው መንገድ ሳይነሳ የዩኒየናችን ታሪክ ተሟልቶ ተጻፈ ለማለት አይቻልም። ማዳበሪያው የሚመጣው፣ ጤፉና በቆሎው የሚወጣው በዚሁ መንገድ ነው። በምጥ የተያዘችው እናት ወደ ጤና ጣቢያ የምትሄደውም በዚሁ ነው፤ መኪና ካልገባ በቃሬዛ። በመሆኑም ይህ ጽሑፍ የመንገዳችንን ታሪክ ባጭሩ ቃኝቶ በየክረምቱ ስለምንከፍለው ዕዳ አባላትንና የሥራ ኃላፊዎችን ለማነጋገር የተዘጋጀ ነው።

ክረምት ሲገባ የሚዘጋ አገር

በጎጃም በኩል የንግድ መንገድ ታሪክ የሲራራ ነጋዴ ታሪክ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የባሶ ገበያ እጅግ የታወቀ ነበር። ከዓባይ ማዶ ከጉድሩና ከእናርያ ቡና፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ሲመጣ፣ ከሰሜን ደግሞ አሞሌ ጨው ይወርድ ነበር። ጭነቱ ሁሉ የሚጓጓዘው በበቅሎና በአህያ ጀርባ ሲሆን ነጋዴው በየኬላው ቀረጥ ይከፍላል። ትልቁ ኬላ ግን ሰው ያቆመው አልነበረም። ሰኔ ሲገባ ዓባይ ይሞላል፤ ነጋዴውም ወንዙ እስኪጎድል ድረስ ካለበት ይከርማል። ክረምት የንግድ መዝጊያ ነበር።

ይህን መዝጊያ ለመክፈት የተሞከረው ዛሬ አይደለም። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች በኖራ የተገነባው የአላታ ድልድይ እስከ ዘመናችን ቆይቷል። ከአፄ ፋሲለደስ ዘመን እንደሆነ የሚነገርለት ሁለተኛው ድልድይ ደግሞ በሞጣ በኩል ጎጃምንና ጎንደርን ያገናኝ ነበር። ይህ ድልድይ በጣልያን ወረራ ጊዜ መካከለኛ ቅስቱ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ የሁለቱም ዳር ነዋሪ ለብዙ አሥርት ዓመታት በገመድ እየተሳበ ሲሻገር ኖረ፤ ስሙም "ሰባራ ድልድይ" ሆኖ ቀረ። በ1994 ዓ.ም. ቢጠገንም ከጥቂት ዓመታት በኋላ የዓባይ ሙላት ጥገናውን መልሶ ወሰደው፤ ኋላም ከወንዙ ከፍ ያለ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። አንድ ቅስት ሲፈርስ በጊዜው ባለመጠገኑ የሁለት አውራጃ ሕዝብ ከ60 ዓመት በላይ በገመድ መሻገሩ ሊዘነጋ የማይገባው ትምህርት ነው።

ነገሥታትና ጎዳና

መንገድ መሥራት የመንግሥት ሥራ መሆኑን በግልጽ ካሳዩት መካከል አፄ ቴዎድሮስ ይጠቀሳሉ። በ1860 ዓ.ም. በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖል መድፍ ወደ መቅደላ ለማድረስ ገደል እየናዱ መንገድ ሲያስጠርጉ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሱ ከሠራዊቱ ጋር ይሠሩ እንደነበር ተጽፏል። የመድፉ ክብደት 7 ቶን ያህል ነበር፤ ይህም በእኛ ስሌት 70 ኩንታል፣ ማለትም ዛሬ አንድ አይሱዙ ከአቅሙ በላይ ጭኖ ወደ ገበያ የሚያወጣው ጭነት ነው። ያን ጭነት ደብረ ታቦርን ከመቅደላ በሚለያዩት ሸለቆዎች አሻግሮ ለማድረስ ወራት ፈጅቷል።

በአፄ ምኒልክ ዘመን ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም የተሠራው መንገድ ከመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ነው። የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ በኋላ የተሠሩት መንገዶች ግን ጥቂት ስለነበሩ አብዛኛው ገበሬ ምርቱን የሚያጓጉዘው እንደ ቀድሞው በአህያና በትከሻ ነበር።

የተሠራው ሲረሳ

ጣልያን አገራችንን በወረረባቸው ዓመታት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከ6 ሺህ ኪ.ሜ. በላይ መንገድ ሠርቷል። ዋና ዓላማው ጦር ማመላለስ ነበር፤ አርበኞችም መንገዱን እየቆረጡና ድልድዩን እየሰበሩ ጠላትን ያስጨንቁበት ነበር። ከነጻነት በኋላ መንገዱ ለአገር ቀረ፤ ጠጋኙ ግን አልነበረም። የመንገድ መሣሪያም ሆነ የሠለጠነ ባለሙያ በበቂ አልነበረም። በጥቂት ክረምት ውስጥ ቦዮቹ ተደፈኑ፣ አስፋልቱ ተሰነጠቀ፣ ድልድዮቹም ላሉ።

በዚህም ምክንያት የዓለም ባንክ በ1943 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ከሰጠው የመጀመሪያ ብድር 7 ሚሊዮን ዶላር ውስጥ 5 ሚሊዮኑ ለመንገድ የዋለ ሲሆን፣ አብዛኛው ሥራ የተበላሸውን ማደስ ነበር። በዚያው ዓመት የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንን አቋቋመ። የአገራችን የመንገድ መሥሪያ ቤት ታሪክ እንግዲህ የጀመረው ከአዲስ ግንባታ ይልቅ በጥገና ነው ማለት ይቻላል። አገሪቱ ሰፊ የመንገድ መረብ ካገኘች ገና 15 ዓመት ሳይሞላት ለጥገና መበደር ነበረባት።

ለእኛ አካባቢ ትልቁ ለውጥ በዓባይ በረሃ ላይ የተሠራው ድልድይ ነው። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪ.ሜ. ገደማ የሚጠመዘዘው መንገድ ጎጃምን ከመሐል አገር ጋር በክረምትም በበጋም አገናኘ። አሮጌው ድልድይ ለ60 ዓመት ያህል ካገለገለ በኋላ በጃፓን መንግሥት ድጋፍ የተሠራውና 303 ሜትር የሚረዝመው የህዳሴ ድልድይ ጳጉሜን 2000 ዓ.ም. ተመረቀ። ይሁንና በዚያ በረሃ መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየጊዜው ይሰነጠቃል፣ ይሰምጣል። አስፋልት እንኳ ጠባቂ ካጣ ከአፈር መንገድ እንደማይሻል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ከኪሎ ሜትር ብዛት ወደ ቀበሌ

በ1968 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 71 የገበሬ ማኅበራት ሲደራጁ የመንገድ ጠረጋ ከማኅበራቱ የዘመቻ ሥራዎች አንዱ ሆነ። በዶማና በአካፋ ብዙ ጥርጊያ መንገድ ተከፍቷል፤ ነገር ግን ቱቦና ድልድይ ያልተደረገለት ጥርጊያ ክረምት ሲመጣ ወደ ጎርፍ መውረጃነት ይለወጥ ነበር። በ1983 ዓ.ም. የአገሪቱ የመንገድ ርዝመት 19 ሺህ ኪ.ሜ. ገደማ ነበር።

የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም በ1989 ዓ.ም. ሲጀመር ርዝመቱ 26,550 ኪ.ሜ. ደርሶ ነበር። ከዚህ ውስጥ በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኝ የነበረው 22 በመቶው ብቻ ነው። በአማካይ አንድ ገበሬ ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ለማግኘት 21 ኪ.ሜ. ያህል መጓዝ ነበረበት። በዚሁ ዓመት የመንገድ ፈንድ ተቋቋመ። ፈንዱ በእያንዳንዱ ሊትር ነዳጅ ላይ ከሚጣል ክፍያ ገንዘብ እየሰበሰበ ለጥገና እንዲያውል የተደረገ ነው። ይህም ጥገና ራሱን የቻለ ገቢ የሚያስፈልገው ሥራ መሆኑ በሕግ የታወቀበት ነው።

በሁለት ዓመት ልዩነት፣ በአዋጅ ቁጥር 147/1991 የኅብረት ሥራ ማኅበራት እንደ አዲስ ተቋቋሙ፤ መሠረታዊ ማኅበራትም ተጣምረው ዩኒየኖችን መሠረቱ። መንገዱና ዩኒየኑ እኩያሞች ናቸው ማለት ነው። በ2003 ዓ.ም. የሁሉ አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ተጀምሮ እያንዳንዱን ቀበሌ ክረምት ከበጋ ከሚያስኬድ መንገድ ጋር ለማገናኘት ታቀደ። ብዙ ወጣት መሐንዲሶች በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተው ሥራውን ተረከቡ፤ ሕዝቡም በጉልበትና በገንዘብ ተሳተፈ። በ2007 ዓ.ም. የአገሪቱ የመንገድ ርዝመት ከ100 ሺህ ኪ.ሜ. አልፏል። ይህ ታላቅ ለውጥ ነው፤ መኪና አይቶ በማያውቅ ቀበሌ አይሱዙ የገባበትን ቀን የምናስታውስ ብዙዎች ነን።

እውነቱ ግን ሌላም ገጽ አለው። በየአካባቢያችን ገረጋንቲ ከለበሰ በኋላ ወንዙ ላይ ድልድይ ሳይሠራለት የቀረ፣ ተመርቆ ግሬደር ዳግመኛ ያላየው መንገድ ብዙ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የተከሰተው ግጭት ደግሞ መንገዶች በተደጋጋሚ እንዲዘጉና የጥገና ሥራ እንዲስተጓጎል አድርጓል።

ጉድጓድ እንዴት ይወለዳል?

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ መንገድንም የሚወስደው እንዲሁ ነው። የጠጠር መንገድ ሲሠራ መሐሉ ከዳሩ ከፍ ብሎ ጎበጥ እንዲል የሚደረገው ውሃው ወደ ቦዩ እንዲፈስ ነው። ጎማ እየደመሰሰው ጉብታው ሲጠፋ ውሃ መሐል ላይ ይተኛል። የተኛው ውሃ ወደ ታች ሰርጎ አፈሩን ያለሰልሳል፤ የሚያልፈው መኪናም የላላውን ጠጠር ከውሃው ጋር እየረጨ ያወጣዋል። በመጀመሪያ ሰሐን የሚያህል የነበረው ጉድጓድ በጥቂት ሳምንት ጎማ ይውጣል። አስፋልት ላይም ነገሩ ያው ነው፤ የሚለየው ውሃው የሚገባው በስንጥቅ በኩል መሆኑ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ጭነት ነው። መሐንዲሶች እንደሚያስረዱት በአንድ አክስል ላይ የሚያርፈው ክብደት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ወደ 16 እጥፍ ያድጋል። አንድ ምልልስ ለማዳን ብለን የጨመርነው ኩንታል በሚቀጥለው ዓመት መንገዱን ይዘጋብናል።

ሦስተኛው ምክንያት እኛው ነን። እስከ ቦዩ ከንፈር የሚያርስ፣ የእርከኑን ውሃ ወደ መንገድ የሚለቅ፣ የቱቦውን አፍ በድንጋይ ደፍኖ ማሳውን የሚጠብቅ ከመካከላችን አይጠፋም። ይህን ሁሉ ለመንግሥት ብቻ ብንተወው ራሳችንን ማታለል ይሆናል።

አንድ የሰኔ ቀን

ይህ ጸሐፊ በአንድ መሠረታዊ ማኅበር ሂሳብ ያዥ ሆኖ ሲሠራ የገጠመውን እዚህ ላይ ማንሳት ይፈልጋል። ማዳበሪያ ዘግይቶ ሰኔ ውስጥ ደረሰ። የጭነት መኪናው ከመጋዘናችን የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ሲቀረው፣ ቱቦው በተደፈነ አንድ ዝቅተኛ ቦታ ላይ እስከ አክስሉ ሰመጠ። ሹፌሩ ካላወረዳችሁልኝ አልወጣም አለ። አባላት አህያ ይዘው መጡ፤ በአንድ አህያ ሁለት ጆንያ፣ ማለትም አንድ ኩንታል እየተጫነ ሲመላለስ ሁለት ቀን ፈጀ። በሁለተኛው ቀን ዝናቡ ዩሪያውን አገኘው። የረጠበውና የረጋው ጆንያ በሂሳብ መዝገቡ ላይ "ብልሽት" ተብሎ ሰፈረ።

አንድ ሽማግሌ አባል መዝገቡን ስሞላ አይተው "ልጄ፣ ቱቦውን ለመክፈት ስንት ሰው ይበቃ ነበር?" ሲሉ ጠየቁኝ። አራት ሰው በግማሽ ቀን ይጨርሰው እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። መልስ አልሰጠኋቸውም። ያ "ብልሽት" የተባለው ሂሳብ የማዳበሪያ ሳይሆን የመንገድ ሂሳብ ነበር።

ምን ይደረግ?

ከታሪኩ የምንረዳው ነገር ግልጽ ነው። አገራችን መንገድ መሥራት አልተሳናትም፤ የተሳናት የሠራችውን መጠበቅ ነው። በመሆኑም የሚከተሉት ሐሳቦች በጠቅላላ ጉባኤያችን ውይይት ቢደረግባቸው መልካም ነው።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር ከመጋዘኑ እስከ ዋናው መንገድ ያለውን ርቀት በስሙ ይረከብ። በሚያዝያና በግንቦት፣ ዝናብ ሳይጠና፣ ቦይና ቱቦ ይጠረግ፤ በመስከረም መጨረሻ ደግሞ ጉድጓዶች በገረጋንቲ ተሞልተው ይደልደሉ።

ሁለተኛ፣ የኅብረት ሥራ መርሆዎች ሰባተኛው ለማኅበረሰብ ማሰብ ነው። ለማኅበራዊ አገልግሎት ከሚያዘው ገንዘብ ጥቂቱ ለመንገድ ጥገና ቢውል የሚመለሰው ለአባሉ ነው።

ሦስተኛ፣ ዩኒየናችን ከአጓጓዦች ጋር በሚፈራረመው ውል ላይ የጭነት ልክ ይግባ፤ በተለይ በክረምት።

አራተኛ፣ የወረዳ የሥራ ኃላፊዎች አንድ መንገድ ሲመረቅ የጥገና ዕቅዱንና በጀቱን አብረው ይግለጹልን። ለድልድይና ለግሬደር የሚያስፈልገው ወጪ ከማኅበር አቅም በላይ ነው፤ ይህን ድርሻ የሕዝብ ጉልበት ሊተካው አይችልም፤ እንዲተካውም መጠበቅ የለበትም። እኛ ቦዩን ስንጠርግ እነሱ ድልድዩን ይሥሩ።

አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለጎጆ እሳት ብቻ አይደለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ ለአንድ አባል የሚከብደው ሥራ ለማኅበሩ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በዓሉ ካለፈ በኋላ ሚያዝያ ይመጣል። በየማኅበራችን መጋዘን አጠገብ ያለችውን የመጀመሪያዋን ቱቦ ከፍተን ብንጠብቀው፣ በሚቀጥለው የምሥረታ በዓል መጽሔት ላይ "ብልሽት" የሚለው ሂሳብ አንሶ እናነበዋለን።

መልካም በዓል!